ዳታው ባሕር ማዶ፣ ተመልካቹ እዚህ፦ ፓራቪው ደጁን ለምን ለእኛ ተወው?

እስቲ በስሌት እንጀምር። ኢትዮጵያንና ጎረቤቶቿን የሚሸፍን የአየር ሁኔታ ሞዴል አለ እንበል። ወደ ምሥራቅ 1000፣ ወደ ሰሜን 1000፣ ወደ ላይ ደግሞ 100 ሳጥኖች አሉት፤ በድምሩ 100 ሚሊዮን ሳጥን። በእያንዳንዱ ሳጥን የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የግፊት፣ የነፋስና የመሳሰሉትን 10 መጠኖች እንይዛለን፤ አንዱ ቁጥር 4 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ የአንድ ቅጽበት ዳታ ብቻውን 4 ጊጋባይት ነው። ለ10 ቀን በየሰዓቱ ከመዘገብን 240 ቅጽበቶች ይኖሩናል። ይህም 960 ጊጋባይት ነው፤ አንድ ቴራባይት በሉት። በዛሬ መለኪያ ይሄ ትልቅ የሚባል ዳታ አይደለም።

ሞዴሉ የተሰላው አውሮፓ ውስጥ ባለ ክላስተር ላይ ነው። ክላስተር ስንል በፈጣን ኔትወርክ ተሳስረው እንደ አንድ ማሽን የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ማለታችን ነው። ተመራማሪዋ ግን ያለችው አዲስ አበባ ነው። ዳታውን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ላምጣው ብትል፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ፣ መብራትም ሳይጠፋ፣ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይወስድባታል። ቢመጣስ የትኛው ላፕቶፕ ይችለዋል?

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል፦ ዳታው ባለበት ይቀመጥ፣ የሚጓዘው ሥዕሉ ይሁን። ሙሉ የስክሪን ምስል፣ 1920 በ1080 ነጥብ ያለው፣ ሳይጨመቅ 6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በደንብ ሲጨመቅ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። ዳታው አድጎ አሥር ቴራባይት ቢሆን እንኳ ስክሪኑ ያው ስክሪን ነው፣ የሚላከው ሥዕልም አይጨምርም። በዚህ ሐሳብ ላይ ከተሠሩት ሶፍትዌሮች መካከል በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ፓራቪው ነው። ዛሬ የምተቸውም እሱን ነው።

አስቀድሜ ግን ላመስግነው፤ ይገባዋልና። ፓራቪው በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኪትዌር የተባለ ኩባንያና የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በጋራ የጀመሩት ሥራ ነው። የመጀመሪያው እትም ለሕዝብ የወጣው በ2002 ነበር። የቆመው ቪቲኬ በሚባል የፕሮግራም ላይብረሪ ላይ ነው፤ ቪቲኬ ራሱ በ1993 የአንድ መጽሐፍ ማጀቢያ ሆኖ ነው የተወለደው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ያወርደዋል፣ አይከፈልበትም። የሶፍትዌር ፈቃድ መግዣ በጀት በሌለበት ክፍል ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሠራሩን ደቦ በሉት። እናንተ ላፕቶፕ ላይ የምትከፍቱት መስኮት ክላይንት ይባላል። ክላስተሩ ላይ ደግሞ ፒቪሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ይነሳል፣ ያውም አንድ ሳይሆን 64 ወይም 500 ሆኖ። እያንዳንዱ የድርሻውን ዳታ ያነባል፣ የድርሻውን ያሰላል፣ የድርሻውን ሥዕል ይሥላል። ከዚያ አይስቲ የሚባል፣ በሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተሠራ ሌላ ላይብረሪ ሥዕሎቹን ሰብስቦ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደሆነ እየለየ ወደ አንድ ያዋህዳቸዋል። ወደ እናንተ የሚመጣው ያ አንዱ ሥዕል ብቻ ነው። ማውሱን ይዛችሁ ስታዞሩት ለፍጥነት ሲል ደብዘዝ ይላል፤ ስትለቁት ይጠራል። መቶ ሚሊዮን ሳጥን እንዲህ በጣት ጫፍ ሲዞር ማየት ያስደንቃል፤ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ክላይንቱና ሰርቨሩ ከተገናኙ በኋላ ነው። ትችቴ ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። የፓራቪው ሠሪዎች ቤቱን አሳምረው ሠርተው ደጁን ማበጀት ለእንግዳው የተዉት ይመስለኛል። ዋጋውንም ሁሉም እኩል አይከፍልም። ከማሽኑ ርቆ ያለ ሰው የበለጠ ይከፍላል፤ የከፈለውም በጊዜ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ዳታው ውስጥ ማየት በቻለው መጠን ነው።

ደጁ ጋ ስንደርስ

ክላስተር ላይ ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር አለ። ከውጭ የሚታየው የመግቢያ ኖድ ነው፤ እዚያ ላይ ከባድ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ከባዱ ሥራ የሚሠራው በስሌት ኖዶቹ ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ከውጭ አይታዩም። ማን በየትኛው ኖድ ላይ፣ መቼና ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው እንደ ስለርም ያለ የወረፋ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ተመራማሪዋ በኤስኤስኤች ወደ መግቢያ ኖዱ ትገባለች። ፒቪሰርቨር እንዲነሳላት ለስለርም ትእዛዝ ታስገባና ወረፋ ትይዛለች። ተራዋ ሲደርስ ሥራው የትኛው ኖድ ላይ እንዳረፈ ፈልጋ ታገኛለች፤ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የኖዱን ስም ይዛ ላፕቶፗ ላይ ሌላ የትእዛዝ መስኮት ትከፍትና፣ ከላፕቶፗ ተነስቶ በመግቢያ ኖዱ በኩል አልፎ እስከ ስሌት ኖዱ ፖርት 11111 ድረስ የሚዘልቅ መስመር ትዘረጋለች። ይህ ተነል የሚባለው ነው። ከዚያ ፓራቪውን ከፍታ የሰርቨሩን አድራሻ ሲጠይቃት ሎካልሆስት ብላ ትጽፋለች። አውሮፓ ያለን ማሽን ለማግኘት የገዛ ላፕቶፗን አድራሻ ትሰጣለች ማለት ነው! ተነል ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ስለ ዝናብ የሚያጠና ሰው ግን ይሄን ለምን ማወቅ አለበት?

ማዕከሉ እንዲህ ዓይነቱን ተነል ከከለከለ መንገዱ ይገለበጣል፤ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ላፕቶፑ ይደውላል። ፓራቪው ይህን የተገላቢጦሽ ግንኙነት ያውቃል፣ ጥሩ ሐሳብም ነው። ችግሩ ላፕቶፑ በካምፓስ ዋይፋይ ወይም በሞባይል ዳታ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም፤ ደዋዩ የሚያንኳኳበት በር የለም። ስለዚህ ለተገላቢጦሹም ሌላ የተገላቢጦሽ ተነል ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን በኤስኤስኤች ዲፎልት መሠረት የሚሰማው ከመግቢያ ኖዱ ከራሱ የሚመጣን ጥሪ ብቻ ነው፤ ከስሌት ኖዱ ለሚመጣ አይከፍትም። ይህን ለመለወጥ ደግሞ የማዕከሉን አስተዳዳሪ መለመን ነው።

እሺ፣ አስቸጋሪ ነው እንበልና እንለፈው። የማይታለፈው ሲበላሽ የሚሆነው ነው። የኖዱ ስም ተሳስቶ ይሁን፣ ፋየርዎል ይሁን፣ ወረፋው ገና ያልደረሰ ይሁን፣ ቨርዥኑ ያልገጠመ ይሁን፣ ሶፍትዌሩ ለይቶ አይነግራችሁም። ተነሉ ከተዘረጋ በኋላ ግንኙነቱ ሲከሽፍ ለዓመታት የታወቀ አንድ መልእክት አለ፦ ምናልባት መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል፣ ምናልባት አንድ የቪቲኬ የውስጥ ተግባር ሁለቱ ጋ የተለያየ ቁጥር መልሶ ይሆናል፣ ምናልባት የሁለቱ የመተዋወቂያ ቃል አልገጠመ ይሆናል እያለ ምክንያቶችን ይደረድርና ምርጫውን ለእናንተ ይተወዋል። በሲፕላስፕላስ የተጻፈን ተግባር ስም ጠርቶ ለአንድ የአየር ንብረት ተማሪ መስጠት ምን ይጠቅማታል? ሐኪም በሽተኛውን "ወይ ወባ ነው፣ ወይ ታይፎይድ፣ ወይ ድካም፤ አንተው ለይ" ብሎ እንደ መሸኘት ነው።

የቨርዥኑን ነገር ካነሳን፣ ክላይንቱና ሰርቨሩ የአንድ ቨርዥን መሆን አለባቸው። ለዚህ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በተራ ጽሑፍ ሳይሆን አንዱ የሌላውን ውስጣዊ አካላት እያዘዘ ስለሆነ፣ ሁለቱም ጋ ያው አካል መኖሩ ግድ ነው። በተግባር ግን እንዲህ ይሆናል፦ ተማሪዋ ከፓራቪው ገጽ ላይ አዲሱን ታወርዳለች፤ ማዕከሉ ጋ ያለው የሦስት ዓመት አሮጌ ነው፤ አይገናኙም። አሮጌውን ፈልጋ ታወርዳለች። የሁለተኛው ማዕከል ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌላም ታወርዳለች። እኔ የማውቀው አንድ ማዕከል የተጠቃሚ መመሪያው ላይ የጻፈው ትእዛዝ ክላስተሩ ላይ ከተነሳ ዓመት ያለፈው ቨርዥን ነበር። መመሪያውን በታማኝነት የተከተለ ሁሉ ግድግዳ ይመታ ነበር፣ መመሪያውን ንቆ የሞከረ ደግሞ ይገባ ነበር።

ዲፎልቱ ማንን አስቦ ነው?

ሶፍትዌር ሠሪው ማንን አስቦ እንደሠራ ለማወቅ ዲፎልቱን እዩ። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ የሚያገኘው ነገር ሠሪው "የተለመደ ሰው" ብሎ የሚያስበውን ያሳያል።

ፓራቪው ከሩቅ ሲሠራ ሁለት ምርጫ አለው። ሥዕሉን እዚያው ክላስተሩ ላይ ሥሎ ምስሉን ይልካል፤ ወይም የሚሣለውን ቅርጽ፣ ማለትም ሦስት ማዕዘኖቹን ራሳቸውን ልኮ ላፕቶፑ እንዲሥላቸው ያደርጋል። ሁለተኛው ቅርጹ ትንሽ ሲሆን ይመረጣል፤ አንዴ ከመጣ በኋላ ማዞሩ ፈጣን ነውና። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ዲፎልቱ 20 ሜጋባይት ነው። በአንድ ጊጋቢት የቢሮ ኔትወርክ 20 ሜጋባይት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ ሰው አያስተውለውም። በ10 ሜጋቢት መስመር ግን 16 ሰከንድ ነው። ከአንዱ ሰዓት ወደ ቀጣዩ ሰዓት ባለፋችሁ ቁጥር ቅርጹ አዲስ ስለሆነ እንደገና 16 ሰከንድ። 240ውን ቅጽበት ለማየት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሄድ ነው። ያው መስመር ላይ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ያለው የተጨመቀ ምስል ቢላክ ኖሮ ለአንዱ ከሩብ ሰከንድ ብዙም አያልፍም ነበር።

ገደቡን ወደ ዜሮ ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ ሁልጊዜ ምስል ይላካል። ቅንብሩ ውስጥ አለ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ግን እኮ ፓራቪው መስመሩ ላይ ተቀምጧል! ስንት ባይት በስንት ሰከንድ እንዳለፈ ራሱ መለካት ይችላል። ገደቡን እንደ መስመሩ ፍጥነት ራሱ ቢያስተካክል ምን ይከለክለዋል? ቪዲዮ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ኔትወርክ ሲደክም ጥራቱን ቀነስ፣ ሲበረታ ከፍ ማድረግ ከጀመሩ ስንት ዓመታቸው!

(ሶፍትዌሩ ሊያስተካክለው የማይችለው አንድ ነገር አለ። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን የሚሄደው በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለኩ እንኳ ከ5 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ኪትዌር አይጠየቅበትም።)

የመስመር መቆረጥንም እንየው። በዲፎልት ክላይንቱ ሲለይ ፒቪሰርቨሩ ሥራውን ጨርሷል ተብሎ ይዘጋል። ላፕቶፑ እዚያው ከማሽኑ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ከሆነ ይህ ንጽህና ነው፤ ተጠቃሚው ወጥቷል፣ ኖዱ ለሌላው ይለቀቅ። መስመር ለአንድ ደቂቃ የሚጠፋበት ቦታ ላለ ሰው ግን፣ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቃ ያገኘችው ኖድ፣ ግማሽ ሰዓት የተነበበው ዳታ፣ የተሰላው ሁሉ በአንዴ ይጠፋል። እንደገና ወረፋ፣ እንደገና የኖድ ስም ፍለጋ፣ እንደገና ተነል። ሰርቨሩ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ "ትመለስ ይሆን?" ብሎ ቢጠብቅ ማንን ይጎዳል?

ደህንነቱም ያው ነው። ፖርት 11111 ላይ የሚጠብቅ ፒቪሰርቨር ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ንግግሩም አይመሰጠርም። የግንኙነት መለያ ቁጥር መስጠት ይቻላል፣ ግን ዲፎልቱ አይደለም፤ እሱም ከቁልፍ ይልቅ ምልክት ነው። በክላስተሩ ውስጥ አካውንት ያለው ሌላ ሰው የኖዱን ስም ካወቀ ቀድሟችሁ ሊገናኝ ይችላል። ከተገናኘ ፋይሎቻችሁን ያስሳል፤ ፓራቪው በፓይተን የሚጻፍ ማጣሪያ ሰርቨሩ ላይ ስለሚያስኬድ፣ በእናንተ ስም የፈለገውን ትእዛዝ ማዘዝ ይችላል። በተዘጋ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች መካከል ይህ ላያሳስብ ይችላል። ሺህ ተጠቃሚ ባለበት የጋራ ክላስተር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ ስናይ የታሰበው ሰው ግልጽ ይሆናል፦ ከማሽኑ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ያለ፣ ፈጣንና የማይቆረጥ ኔትወርክ ያለው፣ ጎረቤቱን የሚያምን፣ ሲቸግረው ኮሪደሩን ተሻግሮ የሚጠይቀው ባለሙያ ያለው። ፓራቪው በ2000 የተወለደበት ቤት እንዲያ ነበርና አይገርምም። የሚገርመው ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም፣ ተጠቃሚው ከዚያ ቤት ወጥቶ በዓለም ከተበተነ በኋላም አለመለወጡ ነው።

ከየአሥሩ አንዱ

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ያው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ዳታውን ያሳሳዋል። በየአቅጣጫው ከየአሥሩ ሳጥን አንዱን ብቻ ይወስዳል። በሦስት አቅጣጫ ሲሆን ከሺህ አንድ ይቀራል፤ አንድ ቴራባይቱ አንድ ጊጋባይት ይሆናል፣ ዘጠኝ ቀኑም ወደ 13 ደቂቃ ይወርዳል። ሁለት ቀን ከተነል ጋር ታግሎ ላልተሳካለት ሰው ይህ ፈተና አይደለም፤ መዳኛ ነው። አማካሪውም ቢሆን "በቃ እንደዚያ አድርገው" ይላል።

የጠፋው ምንድን ነው? ከኢትዮጵያ ደጋና ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መካከል ባለው ቆላ፣ በቱርካና በኩል፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ አለ። ኪኑቲያና አስናኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስተዋወቁት ነው፤ ዛሬ የቱርካና ጀት ይባላል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበት ወደ አህጉሩ ውስጥ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ስለሆነ ለአካባቢው ዝናብ ወሳኝ ነው። ጀቱ ግን ቀጭን ነው፤ ኃይሉ ያለው ከመሬት በላይ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ኪሎሜትሮች ውስጥ ነው። የሞዴላችን 100 ደረጃዎች ለቀላልነት በ20 ኪሎሜትር ላይ እኩል ተከፋፍለዋል ብንል፣ አንዱ 200 ሜትር ነው፤ ጀቱ በብዙ ደረጃዎች ይያዛል። ከየአሥሩ አንዱን ስንወስድ በደረጃዎቹ መካከል 2 ኪሎሜትር ይሆናል። የጀቱ ልብ በሁለቱ መካከል ሊወድቅ ይችላል። እውነተኛ ሞዴሎች ደረጃዎቻቸውን ወደ መሬት ሲጠጉ ስለሚያበዙ ጉዳቱ ትንሽ ይቀላል፣ ግን አይቀርም። በአግድሙም ቢሆን 3 ኪሎሜትር የነበረው ሳጥን 30 ይሆናል፤ በ30 ኪሎሜትር ነጥብ የዓባይን ገደል ማየት ዘበት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሥዕሉ አያፍርም። የሳሳው ዳታ ለስላሳ፣ የሚያምር፣ ቀለሙ የተስተካከለ ምስል ይሰጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ማንም ገምጋሚ "ይሄ ከሺህ አንዱ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ሞዴሉ ጀቱን በትክክል አስልቶታል፤ የስሌት ሰዓቱ ተከፍሎበታል፤ ኤሌክትሪኩ ተቃጥሏል። ያላየችው ባለቤቲቱ ብቻ ናት።

በ1987 ማኮርሚክ፣ ዲፋንቲና ብራውን ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የተዘጋጀውን ስለ ሳይንሳዊ ስሌት ምስል የሚናገር ሪፖርት ሲያሳትሙ፣ ዋና ክርክራቸው ምስል ማስጌጫ ሳይሆን ማሰቢያ ነው የሚል ነበር፤ ሳይንቲስቱ ከዳታው ጋር እየተነጋገረ፣ እየጠየቀ፣ ያላሰበውን እያገኘ እንዲሠራ። እኔም የምከራከረው ለዚያ "ያላሰበውን" ለሚለው ነው። ያሰባችሁትን ለማየትማ ሌላ መንገድ ሞልቷል። ፒቪባች የሚባለው የፓራቪው ወንድም በፓይተን የተጻፈ ትእዛዝ ተቀብሎ ያለ ምንም ግንኙነት ወረፋው ውስጥ ገብቶ ሥዕሎቹን ሠርቶ ያስቀምጣል፤ ጠዋት መጥታችሁ ትወስዳላችሁ። ካታሊስት የሚባለው ደግሞ ሞዴሉ እየተሰላ ሳለ እዚያው ይሥላል። ሲኒማ የተባለው፣ የሎስ አላሞስ ሰዎች በ2014 ከሌሎች ጋር ያቀረቡት አሠራር፣ ከብዙ አቅጣጫ የተሣሉ ብዙ ምስሎችን አስቀድሞ ሠርቶ በኋላ እንዲገለበጡ ያደርጋል። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ለደካማ መስመር በተለይ ፒቪባች ወርቅ ነው። ሦስቱም ግን ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ እንድታውቁ ይጠይቃሉ። ጀቱ እዚያ እንዳለ የማታውቅ ተማሪ ጀቱን ሥላችሁ አምጡልኝ አትልም።

ሌሎቹስ እንዴት አደረጉት?

ይህ ሁሉ የማይቀር ነው የሚል ካለ ቪዚትን ይመልከት። ቪዚት በሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረ፣ ከፓራቪው ጋር ዕድሜው የሚቀራረብ፣ እሱም በቪቲኬ ላይ የቆመ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትመርጡት ማሽኑን ነው። ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ ራሱ በኤስኤስኤች ይገባል፣ የፋይሉን ዝርዝር ያሳያችኋል፣ ዳታውን ስትመርጡ ራሱ ወደ ወረፋው ሥራ ያስገባል፣ ተነልም ካስፈለገ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የየማዕከሉ ቅንብር ከሶፍትዌሩ ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ በዋናነት ግን የአሜሪካ ታላላቅ ማዕከላት ነው። ቪዚት ከቨርዥን ጣጣ ነጻ አይደለም፣ መልኩም ለጀማሪ አይስብም። ደጁ ላይ ግን ሰው አቁሟል።

ሌላው መንገድ ብራውዘር ነው። የኦሃዮ ሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ያዘጋጀው ኦፕን ኦንዲማንድ በድረ ገጽ በኩል ክላስተሩ ላይ ዴስክቶፕ ይከፍትላችኋል፤ ፓራቪው በሙሉ፣ ክላይንቱም ሰርቨሩም፣ እዚያው ይሠራል፤ ወደ እናንተ የሚመጣው የዴስክቶፑ ምስል ነው። ተነል የለም፣ ቨርዥን ማመሳሰል የለም። መስመር ቢቆረጥ ደግሞ ዴስክቶፑ እዚያው ይጠብቃችኋል፤ ተመልሳችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ለእኔ ለሩቅ ተጠቃሚ ዛሬ ያለው ምርጡ መፍትሔ ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ ፓራቪው ለዓመታት የደከመበትን የክላይንትና የሰርቨር ክፍፍል በከፊል ወደ ጎን ትቶ ነው የተሳካለት። ኪትዌር ራሱም ትሬም በሚባለው ሥራው ወደ ብራውዘሩ እየመጣ ነው።

የግንኙነቱ ጥፋት የየማዕከሉ እንጂ የሶፍትዌሩ አይደለም የሚል ክርክር ይነሳል። ፋየርዎሉን የሠራው ማዕከሉ ነው፣ ወረፋውም የእሱ ነው፤ አንድ ሶፍትዌር ለሺህ ክላስተር እንዴት ይገጥማል? ግማሹ እውነት ነው። ፓራቪው ለዚህም መሣሪያ ሰጥቷል፦ ፒቪኤስሲ የሚባል የቅንብር ፋይል አለ። ማዕከሉ አንድ ጊዜ ከጻፈው ተጠቃሚው የአካውንት ስሙን፣ የኖድ ብዛትና ሰዓት ብቻ ሞልቶ አንድ ቁልፍ ሲጫን ወረፋውም ተነሉም በራሱ ይሄዳል። የተዘጋጁ ፋይሎችን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ቁልፍም መገናኛ መስኮቱ ላይ አለ። በቅርብ ዓመታት እትሞች የኤስኤስኤች ትእዛዙን ፋይሉ ራሱ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ተችሏል፤ ይሄ ትልቅ መሻሻል ነው። ሌላው ግማሽ ግን እንዲህ ነው፦ የመልእክቱ መደናገር፣ የ20 ሜጋባይቱ ገደብ፣ ሲቆረጥ መዘጋቱ፣ በሩ ያለ ቁልፍ መከፈቱ የማንም ማዕከል ፋየርዎል ያመጣቸው አይደሉም። በፓራቪው ኮድ ውስጥ ያሉ ምርጫዎች ናቸው።

ለጊዜው በሩቅ ክላስተር የምትሠሩ ሰዎች፣ ማዕከላችሁ ኦፕን ኦንዲማንድ ካለው ከእሱ ጀምሩ። ከሌለው የፒቪኤስሲ ፋይል ጠይቁ፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው፣ ስለርሙንና ፋየርዎሉን ለሚያውቅ አስተዳዳሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይጠቅማል። ከገባችሁ በኋላ የምስል ገደቡን ዜሮ አድርጉት፣ የግንኙነት መለያ ቁጥር ሳትሰጡ ፒቪሰርቨር አታስነሱ፣ የሠራችሁትን በየጊዜው እንደ ስቴት ፋይል አስቀምጡ፤ መስመሩ ሲቆረጥ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን ታድኑታላችሁ። የግድ ዳታውን ማሳሳት ካለባችሁ ደግሞ መላውን አገር በቀጭኑ ከመውሰድ የምትፈልጉትን ቦታ በሙሉ ጥራቱ ቆርጣችሁ አምጡ፤ በምስሉ ግርጌም ከስንት ስንቱን እንደወሰዳችሁ ጻፉ።